መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገባላት

ልብስ ሰፊዋን የዓይኗ ቆብ ወርዶ ማየት ቢከለክላት፣ ሐኪሙ ቆረጥ አድርጎ ሰፋላት። ባሏ እብጠቱ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ እያደረገ ሲያስታምማት፣ እሷ ደግሞ "የሐኪሙ እጅ እንዴት ይለሰልሳል መሰለህ" እያለች አንጀቱን ታሳርረዋለች።

"ታዲያ እሱን አታገቢም ነበር?"

"መቼ ታየኝና" ብላ ሳቀች።

ባሏን ውስጥ ውስጡን የበላው ግን ሌላ ነው። ቆቧ ከወረደ ጀምሮ መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገባላት እሱ ነበር። ያቺን ሥራ ሐኪሙ ሊነጥቀው ነው።

ስፌቱ የወጣላት ዕለት ማሽኗ ፊት ቁጭ አለችና ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባች። ባልየው ፊቱን አዞረ።

"የኔ ጌታ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ና። ለካ ጢምህን ግማሹን እየተውክ ነው የምትወጣው" አለችና ምላጭ አነሳች።

እሱም እንዳኮረፈ አገጩን ሰጣት።