የወታደሮቹ ዓይኖች

"ይኼን ጠረጴዛ ከዚህ እናንሳው እንጂ። ለቀስተኛው የሚቀመጥበት አጣ" አለች የሟች እህት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጠረጴዛው ላይ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የብረት ወታደሮች፣ ቀይ ለባሽና ሰማያዊ ለባሽ፣ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ሟች አልጋ ከያዘ ጀምሮ ማንም አልነካቸውም።

"አይነሳም" አለች ሚስቲቱ።

"የልጅ መጫወቻ እኮ ነው፣ እህቴ። ሰው ምን ይላል?"

"ሲል የኖረውን ይበል።"

ሰው ሲል የኖረው "ጄኔራሉ" ነበር። ሟች የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ያንን ግዙፍ መሪ ሲጠመዝዝ ውሎ ማታ ይገባና፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ጥፍር የሚያክል ፊት ላይ ቅንድብ ይስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓት ሠሪው ወዳጁ ይመጣል። ዳይስ እየጣሉ፣ የሠራዊቱን እርምጃ በማስመሪያ እየለኩ ሲዋጉ ይውላሉ። ሰዓት ሠሪው ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ "ዛሬም ጫማዬን ብቻ አትርፌ ወጣሁ" እያለ ይሄዳል።

ሟች ጡረታ ከወጣ በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የወታደሮቹ ቀበቶም አዝራርም እንደምንም ይወጣለታል፤ ዓይን ግን አልሆን አለው። ነጩ ቀለም ጉንጭ ላይ ይፈስሳል፣ ጥቁሩ ግንባር ላይ ያርፋል። አንድ ጠዋት ጋዜጣ ሊገዛ ሲወጣ ሚስቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ትንፋሿን ውጣ የአንዱን ወታደር ዓይን ጠርጋ ሳለችው። ሲመለስ ወታደሩን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው።

"ዛሬስ እጄ ታዞልኛል" አለ።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ሊገዛ በወጣ ቁጥር ትስልለታለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የለቅሶው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው መጣ። "ያጽናሽ" ብሎ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። የሟች እህት ሻይ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ሚስቲቱ ወደሱ ጠጋ አለች።

"ዛሬ ብከለክል ነገ ያነሱታል። ሜዳ ላይ ከሚወድቁ እርስዎ ይውሰዷቸው፣ ጋሼ።"

"እኔ አልወስድም። ዓይናቸውን የሳልሽው አንቺ ነሽ።"

ክው አለች። "ማን ነገረዎት?"

"እሱ ነዋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። 'እኔ የሳልኳቸው ፊት ለፊት ያያሉ፤ የሷዎቹ ግን በር በሩን ነው የሚያዩት' ብሎ ሳቀ።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግረኝ?"

"'እንዳወቅሁ ከነገርኳት ትተወዋለች' ብሎ ነው። ጋዜጣውን ይገዛና እኔ ሱቅ ቁጭ ይላል። ሂድ እንጂ ስለው፣ 'ትንሽ ልቆይላት፤ አልጨረሰች ይሆናል' ይለኛል።"

"የዘነበ ቀንም?"

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፋ። "የዘነበ ቀንም።"

ያን ቀን ባሏ ብስብስ ብሎ ነበር የገባው። "ለጋዜጣ ብለህ ልትሞት ነው?" ብላ ተቆጥታዋለች። ማታውኑ አተኮሰው፤ ከዚያ አልጋ አልተነሳም።

የሟች እህት ሻዩን ይዛ ተመለሰች። ለሚስቲቱ ብርጭቆ ዘረጋችላት፤ አልተቀበለቻትም። ተነስታ የባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጠረጴዛው ጥግ ልብሱ ተቀብቶ ያለቀ፣ ፊቱ ገና ባዶ የሆነ አንድ ወታደር አነሳች። የደረቀውን ብሩሽ አንስታ፣ ልክ እሱ ያደርግ እንደነበረው፣ ጫፉን በከንፈሮቿ መሃል አሾለችው። ምላሷ ላይ ቀለም ቀለም አላት።