ቀይዋ ፍላሽ

ሕይወት «ጫን» የሚለውን ደግማ ነካችው። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ቅድሙ እስከ ግማሽ ድረስ ሄደችና ቆመች። ያ የተረገመ ሳጥንም ከነቀይ ምልክቱ ብቅ አለ። አንድ የሲስተም ፋይል ጠፍቷል፣ ያለ እሱ ፕሮግራሙ አይጫንም ይላል። ኮምፒውተር ሲባል እንዲህ ነው፤ የጎደለውን ይነግራል እንጂ ከየት እንደሚመጣ አይናገርም።

ከአጠገቧ የጥልፍ ማሽኑ መርፌውን አንሥቶ ቆሟል። ከሥሩ የሙሽራዋ የኤሌኒ ቀሚስ ተወጥሯል፤ ደረቱ ላይ የተጀመረው መስቀል አንድ ክንዱ የለውም። ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው፣ ኮምፒውተሩና ማሽኑ የሚግባቡት ደግሞ በዚያ አልጫን ባለው ፕሮግራም ነው። ሠርጉ ነገ ነው። ሰኞ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ይተላለፍ ቢባል እንኳ ፋሲካን መሻገር ሊኖርበት ነው። ደብረ ታቦር መብራት ጠፍቶ ባይሰነብት ኖሮ ቀሚሱ ይኼኔ አልቆ ታጥፎ ነበር።

የሙሽራዋ እናት እትዬ ፈንታነሽ ከጉና ሥር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው መጥተው ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል።

«አለቀ ልጄ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ። አንድ ፋይል ጎድሎብኝ ነው።»

«ፋይል ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሱ ከሌለ ማሽኑ አይነሣም።»

ሕይወት ቤሩት የሰው ወለል ስትወለውል ያፈራችው ሁሉ እዚህ ማሽን ላይ ነው። ሙሽራ ያለ ቀሚስ ያስቀረች ከተባለች ደግሞ በዚህ ከተማ ሌላ ሙሽራ ደጇን አይረግጥም። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

ኢንተርኔት ከተቋረጠ ቆይቷል። ስልክ ግን ስለሚሠራ ኮምፒውተሩን ለሸጠላት ለዋልልኝ ባሕር ዳር ደወለች።

«ፋይሉን ቫይረስ ነው የበላው» አላት። «ሰሞኑን ምን ሰክተሽ ነበር?»

«ከፍላሼ ሌላ ምንም። ያቺ ከቤሩት ያመጣኋት ቀይዋ።»

«ክፈቻት እስቲ። የማታውቂው ፋይል አለ?»

ነበረ። ስሙ ዝብርቅርቅ ያለ ፊደል ነው።

«መቼ እንደገባ ቀኑን አንብቢልኝ።»

ማንበብ ጀምራ ከመሐል አቆመች። በዚያ ቀን እሷ ገና ቤሩት ነበረች።

«ቫይረሱ እሱ ነው» አለ ዋልልኝ። «አብሮሽ ነው የኖረው። በይ አሁን ያለው መላ አንድ ነው። የጥሩወርቅ ላፕቶፕ ካንቺው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ እኔው ነኝ የሸጥኩላችሁ። የጎደለውን ፋይል ከእሷ ገልብጪ፣ የቀረውን በስልክ እናስተካክለዋለን። ቀይዋን ግን የሰው ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኪያት!»

ሕይወት ስልኩን ዘግታ መንገዱን ማዶ አየች። የጥሩወርቅ ማሽን እስከዚህ ድረስ ይሰማል። ከቤሩት አብረው ተመልሰው፣ ሱቁንም አብረው የከፈቱ ነበሩ። አምና የሁለቱም ዲዛይን ሁሉ በቫይረስ ሲጠፋ ሕይወት በደንበኛ ፊት፣ «ከየኢንተርኔት ቤቱ ለቃቅመሽ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ!» ብላ ጮኸችባት። ጥሩወርቅ እያለቀሰች ማሽኗን አሸክማ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የለም።

«ማዶ ያለችው አላት ነው የሚልሽ?» አሉ እትዬ ፈንታነሽ፣ ጆሮ ጥለው ሲያዳምጡ ኖሯል።

«አላት። ግን ተኳርፈናል።»

«እኛ አገር እሳት ሲጠፋ ከጎረቤት ይጫራል። ይኼ ፋይል የምትዪው አይጫርም?»

«ይጫራል። ብቻ...»

«ሰኞ ጾም ልትይዢ አይደል? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!» ካሉ በኋላ ቁጣቸው ወዲያው በረደ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በእመቤቴ ይዤሻለሁ ልጄ። ነገ ልጄ ምን ለብሳ ትውጣ?»

ሕይወት ሌላ ፍላሽ የላትም። የጥሩወርቅን ብትጠይቅ «ያንቺስ?» መባሉ አይቀርም፣ ያኔ ሁሉንም መናገር ይመጣል። እውነቱን ሰምታ በሩን ብትዘጋባትስ? ቀይዋን በመዳፏ ጨብጣ መንገዱን ተሻገረች።

ጥሩወርቅ ቀና አለች። ማሽኗ ላይ የሌላ ሙሽራ ቀሚስ ተወጥሯል።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንድ የሲስተም ፋይል ጠፍቶብኝ። ያንቺ ላይ አለ። የኤሌኒ ሠርግ ነገ ነው፣ እናትየዋ ደጄ ላይ ተቀምጠዋል።»

ጥሩወርቅ ወደ ማዶ አሻግራ አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «አምጪ።»

ሕይወት ፍላሿን ሰጠቻት። ቢሰካስ፣ ማን ያውቃል? ሠርጉ እስኪያልፍ ላይታወቅም ይችላል። ጥሩወርቅ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ማዶ እትዬ ፈንታነሽ ቆመው ያያሉ።

«አትሰኪያት!» አለች ሕይወት፣ እጇንም ያዘቻት።

«ምነው?»

«ቫይረስ አለባት። አምናም የበላን ይኸው ነው። ከቤሩት ይዤው የመጣሁት እኔው ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ጥሩወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ቀይዋን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠች። ከመሳቢያዋ የራሷን ፍላሽ አውጥታ ሰካች፣ ፋይሉን ፈልጋ ገለበጠች፣ ነቅላም ወረወረችላት።

«ከአንቺ ኮምፒውተር ከገባ በኋላ ተመልሶ ደጄ እንዳይደርስ።»

ሕይወት ልትወጣ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ደጅሽ እንዳይደርስ ያልሽው ፍላሹን ነው ወይስ እኔን?»

ጥሩወርቅ ወደ ቀሚሱ አጎነበሰች፤ የተወሳሰበ ክር ፈልጋ በጥርሷ በጠሰች።

«ፍላሹን» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ።