እሁድ ያልተቀየረው የፍሬን ሸራ

አልቪን እሁድን የሚያከብረው ለእግዚአብሔር ብሎ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። በሄርሽባህ መንደር እሁድ መዶሻ የማይነሳው ሕግ ስለሆነ ነው። ሕጉን ደግሞ ከመጋረጃዋ ጀርባ ሆና የምትጠብቅ ወይዘሮ ኦፐርማን የምትባል ጎረቤት አለችው፤ አንድ እሁድ ከሰዓት የሣር ማጨጃ ያስነሳ ሰው ላይ ፖሊስ የጠራች ሴት ናት። አልቪን በአርባ ዓመት የመካኒክነት ዘመኑ እሁድ ቀን የጋራዡን በር ከፍቶ አያውቅም። በዚህም ይኮራ ነበር።

ስለዚህ በዚያ እሁድ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ልጁ ስቬንያ ትንሿን ቀይ መኪናዋን ግቢው ውስጥ አቁማ ክሪክ ስታወጣ ሲያያት ደሙ ፈላ። መኪናዋ የተቃጠለ ፍሬን ትሸታለች። ከየት እንደመጣች መጠየቅ አያስፈልግም። ከተራራው ማዶ ሰዉ ቀለበቱ የሚለው የመሮጫ ጎዳና አለ፤ እሁድ እሁድ የከፈለ ሁሉ የገዛ መኪናውን ይዞ እንደ ልቡ ይበርበታል። አልቪን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጎዳና የተጨማደዱ መኪኖችን ጎትቶ አውጥቷል። ከወንበር ላይ ደም ያጠበባቸው ቀኖች አሉ። የቀለበቱን ስም የሚጠራ ሰው በጥፊ ያጮለው ያህል ነው የሚሰማው፤ አሁን ደግሞ የገዛ ልጁ!

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ሸራ ልቀይር። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።”

“ዛሬ እሁድ ነው።”

“አባዬ፣ አሁን ያለው የውድድር ሸራ ነው። ካልሞቀ አይይዝም። ነገ ጠዋት ፍሪዳን በዚህ መኪና ይዘሃት የምትወርደው አንተ ነህ። የድሮውን ልመልስና ልግባ።”

“ልጅ እንዳለሽ አሁን ነው ትዝ ያለሽ?”

ስቬንያ የጎማ መፍቻውን አነሳች። የኦፐርማን መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። አልቪን በሦስት እርምጃ ደርሶ መፍቻውን ከእጇ ነጠቃት። ወደ ጋራዡ ወረወረው፣ እሷ የከፈተችውን በር ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

“ግቢው የኔ ነው። ነገ ቀይሪ።”

“ነገ ሳይነጋ ነው ሥራ የምገባው! ታውቃለህ እኮ!”

ያውቃል። ስቬንያ ነርስ ናት። ከባሏ ተለያይታ ከአምስት ዓመት ልጇ ከፍሪዳ ጋር ፎቅ ላይ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ሰኞ ሰኞ የሥራ ባልደረባዋ በጨለማ መጥታ ትወስዳታለች፤ አልቪን ደግሞ የልጅ ወንበሩ ያለባትን ቀይ መኪና ይዞ ፍሪዳን ሸለቆው ውስጥ ወዳለው መዋዕለ ሕፃናት ያወርዳታል።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ማታ፣ ዳቦና አይብ ቀርቦ ነው። “ባለፈው እሁድ የቀለበቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳኝ” አለችው። “ለመንገድም፣ አንዳንዴ ለቀለበቱም የሚሆን ሸራ የትኛው ነው? የትኛውን ልግዛ?” ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፈራ ሰው ድምፅ ነው። ከአልቪን የተሻለ የሚመልስላት ሰው በአውራጃው አልነበረም። እሱ ግን ቅቤውን ዳቦው ላይ እየለቀለቀ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ “ፍሬኑ ሲያልቅብሽ ልብሽ ይመለሳል” አላት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ስቬንያ ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ኢንተርኔት ላይ የማታውቃቸውን ጎረምሶች ጠየቀች። እነሱ ደግሞ፣ ከኋላ ወንበር ማን እንደሚቀመጥ ምን ገዷቸው፣ ኃይለኛ የሚሉትን የውድድር ሸራ አስገዟት። ቅዳሜ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ብቻዋን ስትገጥም አልቪን ሳጥኑን አየው። ምን እንደሆነ አወቀ። ለመንገድ የሚፈቅድ ወረቀት እንደሌለውም አወቀ። ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የሚያዝያ ውርጭ ሣሩን ሸፍኖታል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የስቬንያ ወረቀት ተቀምጧል። “አባዬ፣ እባክህ መኪናዋን አትንካት። የአንድ ከአሥሩን አውቶቡስ ያዙ።” ከሥር ማንበብ ለማትችለው ለፍሪዳ ክብ ክብ ጎማ ያለው አውቶቡስ ስላለች።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። አልቪን ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደው። “አርባ ዓመት ፍሬን የሠራሁ ሰውዬ፣ ፍሬን ልታስተምረኝ!” እያለ ፍሪዳን ወንበሯ ላይ አሰራት።

ከመንደሩ እስከ ዋናው መንገድ አንድ ቁልቁለት ነው። አጋማሹ ላይ ፍሬኑን ነካ አደረገው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው፤ መኪናዋ ትሄዳለች። ጠንከር አድርጎ ረገጠ። ትሄዳለች። በሁለት እግሩ ቆመበት። ፍጥነቷ ቢቀንስም ከታች ያለውን የቁም ምልክት አልፋ ዋናው መንገድ ውስጥ ገባች። በግራ በኩል የአንድ ከአሥሩ አውቶቡስ እየመጣ ነበር።

አልቪን የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ መሪውን ጠመዘዘ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ፣ ጎማው አፏጨ፣ ቀይዋ መኪና ዞራ በአፍንጫዋ ከማዶው የፌርማታ የእንጨት መጠለያ ጋር ተላተመች። አውቶቡሱ ከፍሪዳ መስኮት አንድ ክንድ ቀርቶት ቆመ።

ሹፌሩ ዲርክ አልቪን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ከአውቶቡሱ ወረደ።

“አልቪን! አብደሃል? ሕፃን ይዘህ? አንተ መካኒክ አይደለህ እንዴ?”

አልቪን ዞሮ ፍሪዳን አያት። ምንም አልሆነችም፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

“አያቴ” አለች፣ “የቀደድከው ወረቀት ላይ የነበረው አውቶቡስ ይሄ ነው?”



ስቬንያ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ወሬው ሆስፒታሉ ድረስ ደርሷት ነበር። በመጀመሪያ ፍሪዳን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጥፍሯ ዳሰሰቻት፤ ፎቅ አስገብታ በር ዘጋችባት፤ ከዚያ ጋራዡ ገባች። አልቪን የተጨፈለቀው የመኪናዋ አፍንጫ ፊት ቆሟል።

“የእሁዱን ሕግ አከበርክ!” አለችው። “እሁድ መፍቻ አይነሳም! ሰኞ ግን ለመንገድ ባልተፈቀደ ሸራ ልጄን ጭነህ ቁልቁለት ወረድክ። የት አለ ሕግህ?”

“አንቺም እኮ ከዚያ እስከዚህ ነድተሽበታል።”

“ነድቻለሁ! ጥፋቴ ነው። ግን ሸራው ትኩስ ነበር፣ ብቻዬንም ነበርኩ፣ ልቀይረው ነበር የመጣሁት። ከእጄ የነጠቅከው አንተ ነህ! ፍሬኑ ሲያልቅብሽ ልብሽ ይመለሳል አላልከኝም? የማን ፍሬን አለቀ አባዬ? የማን?”

እሷ አላቆመችም።

“ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ሳነጥፍና ሰው ስገንዝ ከርሜ፣ በወር አንድ ሁለት እሁድ አራት ዙር ነው የምዞረው። አራት ዙር! እሱን ጠልተህ ነው ልጄን ልትገድልብኝ የነበረው። ቤት እፈልጋለሁ። እንወጣለን።”

አልቪን እዚያ ላይ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። ከአፉ የወጣው ግን ረቡዕ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው።

“ያኔ ቁልቁለቱ ላይ... ፔዳሉ ደርቆ ነው ወይስ ለስልሶ?”

“አሁን ነው የምትጠይቀኝ?”

“ደርቆ ነው ለስልሶ?”

“ለስልሶ። ወለል ድረስ ገባ። ደጋግሜ ስመታው ነው ያቆመኝ።”

አልቪን እጁን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳረፈ። “ሸራው አልነበረም” አለ በቀስታ። “ሸራ በሙቀት ሲሞት ፔዳሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ለስልሶ ከገባ ዘይቱ ነው። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውኃ ይጠጣል፣ ሲሞቅ ይፈላል።”

“የፍሬን ዘይቴን የሚቀይርልኝ ማነው?” አለች ስቬንያ።

ሁለቱም ያውቁታል። የተጣመመውን ኮፈን በጉልበቱ አነሳው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ የሞተሩ ጎን ላይ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈው ቀን ግን አራት ዓመት አልፎታል። ያለፈው ተራ ሲደርስ፣ ስቬንያ ቀለበቱን በጀመረችበት ሰሞን፣ “ወደዚያ ለምትሄድ መኪና ጣቴን አላነሳም” ብሎ በእልህ ትቶት ነበር። አንድ ሊትር ዘይት። እሱን ቀይሮ ቢሆን ፍሬኑ አይከዳትም፣ አትፈራም፣ የጎረምሶቹን ሸራ አትገዛም፣ ፍሪዳም አውቶቡስ ፊት አትቆምም ነበር። የተናደደው አሁን ነው፣ እውነተኛውን ንዴት። የዘይት ባልዲውን በእግሩ ጠልዞ ከግድግዳው አላተመው። ስቬንያ አልደነገጠችም። ቆማ አየችው።

“ቀጥል” አለችው። “ሌላ ምን ትጠይቀኝ ነበር?”

ባልዲውን አነሳና ጠየቃት። በአንድ ጊዜ ስንት ዙር ትዞሪያለሽ? መሀል ላይ ታበርጃታለሽ? በክረምት ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሺባታለሽ? እሷ እየተቆጣች፣ እንባዋ እየወረደ፣ አንድ በአንድ መለሰች። ከሦስት ዓይነት ሸራ መካከለኛውን መርጠው አዘዙ፤ በብርድ የመጀመሪያዋ እርግጫ ላይ የሚይዝ፣ አራት ዙር የሚችል፣ ለመንገድ የሚፈቅድ ወረቀት ያለው። የዘይቱን ነገር እሱ ሳይጠየቅ ጨመረ።

“እሺ” አለች እንባዋን በክንዷ ጠርጋ። “ግን እኔ እስክፈቅድልህ ድረስ ፍሪዳን ይዘህ መሪ አትጨብጥም።”

ሸራው የደረሰው ቅዳሜ ማታ ነው። እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል ገና እያስተጋባ አልቪን የጋራዡን በር እስከ ጥግ ከፈተው። ብረቱ ተንቋቋ።

“አቶ አልቪን!” ወይዘሮ ኦፐርማን በመስኮቷ ብቅ አለች። “ዛሬ እሁድ መሆኑን ረሱት እንዴ?”

“አልረሳሁም! ፖሊስ ይጥሩ! ሲመጡ ደግሞ ባለፈው ሰኞ ያደረግኩትን እነግራቸዋለሁ፣ የሚቀጡኝ ካሉ በእሱ ይቅጡኝ!”

መስኮቱ ተዘጋ። አልቪን መሬት ላይ የወደቀውን የጎማ መፍቻ አንስቶ በጨርቅ ጠረገና ለስቬንያ ሰጣት። አላመሰገነችውም። ተቀብላ ተንበረከከች፤ እሱ ዘይቱን ሲያፈስ እሷ ሸራውን ገጠመች።

ሰኞ ጠዋት ቀይዋ መኪና በአልቪን ገንዘብ በተገዛ አዲስ አፍንጫና በሚይዝ ፍሬን ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች። አልቪንና ፍሪዳ የአንድ ከአሥሩ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ዲርክ ከላይ እስከ ታች አየው።

“ፍሬኑ አልተሠራም እንዴ?”

“ተሠርቷል።”

“ታዲያ?”

አልቪን ሳንቲሙን አወጣ። “እናቷ ገና አልፈቀደችልኝም” አለና የፍሪዳን እጅ ይዞ ከኋላ ተቀመጠ።