ከአሮጌዋ መኪና ሥር

የመኪና ወንበር ሰፊዋ ያን ቀን ከአባቷ ጋር የሄደችው ወዳ ሳይሆን ፈርታ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በቅርቡ ደጃፋቸው ላይ ድንገት ራሳቸውን ስተው ከወደቁ ወዲህ ሐኪም መሪ እንዳይጨብጡ ከልክሏቸዋል። እሳቸው ግን አንዲት አሮጌ መኪና ልትሸጥ ነው ሲባል ሰምተው እንቅልፍ አጡ። በጎረምሳነታቸው የተመኟት፣ ፊቷ ክብ፣ ባለሁለት በር መኪና ናት። ሳትነዳ ዓመታት ቆማለች። ወንበሯን አንቺ ትሰፊያለሽ፣ ሞተሯን እኔ አነቃታለሁ እያሉ ጧት ማታ ሲነዘንዟት፣ እምቢ ብትል ብቻቸውን እንደሚሄዱ ገባት። የሆነ ቦታ ተዘርረው፣ ሰው ከቧቸው ታዩአት። ስለዚህ የራሷን መኪና አስነስታ ይዛቸው ሄደች።

መንገዱን ሁሉ በጎን ዐይኗ ስትጠብቃቸው ነበር። ዝም ሲሉ ትደነግጣለች፤ ሲያወሩ ደግሞ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። አንዴ ጭንቅላታቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲል ትከሻቸውን ይዛ ወዘወዘቻቸው።

“ማሸለብም ተከለከለ?” አሏት ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

አልሳቀችም።

ባለመኪናው ጡረታ የወጡ መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ። ረዥም፣ ከሲታ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ቃል ከአፋቸው በግድ የሚወጣ ሰው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጓሮውን ረግጠውት እንደማያውቁ ነገሯቸው፤ ባይናገሩም ያስታውቅ ነበር። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። መኪናዋ የቆመችበት የቆርቆሮ ጋራዥ ከቤቱም ከጎረቤትም ርቆ ጥግ ይዟል። ሰፊዋ መጀመሪያ ያሰበችው፣ እዚህ ቢጮህ ማን ይሰማል የሚለውን ነው። የጋራዡ በር ዝጎ ስለተጣበቀ ለሦስት ተጋግዘው ገፉት።

ውስጡ ጨለም ያለ፣ የአይጥና የከረመ ዘይት ሽታ ያፈነው ነው። መሬቱ ሲሚንቶ የለውም፤ ጣሪያው እያፈሰሰ አርሶታል። መኪናዋ ጎማዎቿ ሟሽሸው ከአፈሩ ጋር ልትሳሳም ምንም አልቀራትም። ሰፊዋ በሩን ከፍታ ወንበሩን ብትዳስሰው ቆዳው እጇ ላይ ተቀደደ፤ ከስፖንጁ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸና እጇን መንጭቃ አወጣች። አባቷ ግን ሠርግ ቤት የገቡ ይመስላሉ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ የዘይቱን መለኪያ መዘው አሸተቱ፣ ጎማውን የሚሸፍነውን የዛገ ፓራፋንጎ በጥፍራቸው እየፈረፈሩ ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ መኪናዋን ከሥር የተሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ ሳያዩ እንደማይገዙ ተናገሩ።

ጥጉ ላይ አንድ የጥንት የመኪና ማንሻ ክሪክ ነበር። መድኃኒት ቀማሚው ከተገዛ ጀምሮ ማንም ነክቶት እንደማያውቅ ቢነግሯቸውም አባቷ ወስደው በአንዱ ጎን አስገቡትና የፊቷን ጎማ ከመሬት አላቀቁ።

“አባዬ፣ ሥሩ እንጨት እንደርድርበት። መሬቱ እርጥብ ነው።”

“ለአንድ አፍታ ነው። እኔኮ ባለተጎታች መኪና ሥር ተኝቼ የማድር ሰው ነበርኩ።”

መከራከር ፈለገች። ግን ሐኪሙ እንዳይናደዱ ጠብቂያቸው ብሏታል፤ ደማቸው ከፍ ይላል ብላ ፈራችና ተወችው። አባቷ የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው በጀርባቸው እየተንፏቀቁ እስከ ወገባቸው ገቡ። ውጭ የቀረው እግራቸው ብቻ ነው። ከሥር ብረት ሲያንኳኩ ይሰማል፤ ይሄ ጤነኛ ነው፣ ይሄ አልቆለታል፣ ይሄ ይበየዳል ይላሉ። እሷ ዐይኗን ከክሪኩ አልነቀለችም። ድንገት የክሪኩ እግር በአንድ ወገን ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ አየች።

“አባዬ ውጣ!” ብላ ሳትጨርስ ክሪኩ ተፈናጥሮ ወጣ። መኪናዋ በሙሉ ክብደቷ ዘፍ አለች። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው ቦነነ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጭጭ አለ።

የአባቷ እግር አይንቀሳቀስም።

ተንበርክካ ጠራቻቸው። መልስ የለም። ጉንጯን መሬት ላይ አስደግፋ ብታይ የሟሸሸው ጎማ መኪናዋን ትንሽ ደግፏታል፤ በመሬቱና በብረቱ መካከል ግን ለሰው ደረት የሚበቃ ቦታ አልነበረም። ተነስታ ፓራፋንጎውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። የዛገው ብረት መዳፏን ሸረከታት እንጂ ንቅንቅ አላለም። ዘወር ስትል መድኃኒት ቀማሚው ከዘራቸውን ጨብጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ግድግዳ ቆመዋል። እርዳታ ይጥሩ ብላ ጮኸችባቸው። ስልካቸውን ከኪሳቸው ለማውጣት ቢሞክሩም እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

የዚያን ጊዜ ከብረቱ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ቃል አልነበረም፤ አየር ለመሳብ የሚታገል ጉሮሮ ነው። በሕይወት አሉ። ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት፤ አሁን የሚያልፈው እያንዳንዱ ትንፋሽ በእሷ እጅ ነውና።

የራሷ መኪና ውስጥ ክሪክ አለ። ቁልፉን ግን ጃኬቷን ስታወልቅ ለአባቷ ሰጥታቸው ነበር፤ ያለው ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ነው። እጇን በሆዳቸውና በብረቱ መካከል አሾልካ ሰደደች። የአባቷ ሆድ በችኮላ ትር ትር ሲል ክንዷ ላይ ተሰማት። ቁልፉ ከመሐረብ ጋር ተጠላልፏል፤ መሐረቡን ቀዳ ቁልፉን አወጣች። ከዚያ ሣሩን እየጣሰች ሮጠች። እየሮጠች የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስመለስ ያ ድምፅ ባይኖርስ?

ስትመለስ ድምፁ አለ፤ ግን ቀጥኗል። መድኃኒት ቀማሚው ደውለው ነበር። ከዘራቸውን ጥለው፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ የድሮ የመድኃኒት መደርደሪያ እየነቀሉ ሳንቃዎቹን ያመጣሉ። እሷ ያመጣችውን ክሪክ ሳንቃ ላይ አስቀምጣ ከመኪናዋ በር ሥር ገፋችውና አሽከረከረች። ብረቱ ቀርጨጭ አለ። ክሪኩ የዛገውን ላሜራ እንደ ካርቶን እየበሳ ገባ፤ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። የብረቱ ፍርፋሪ ሲረግፍባቸው አባቷ አቃሰቱ። እጇ ቆመ። ብትቀጥል ሊናድባቸው ነው፤ ብታቆም እየታፈኑ ነው።

“እዚያ አይደለም” አለ የአባቷ ድምፅ፣ በየቃሉ እየተቆረጠ። “ወደ ጎማው… ወፍራሙ… ጤነኛ ነው።”

አፈሩን በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ፣ ክሪኩን ከፊት ጎማው ጀርባ ወፍራሙ ብረት ሥር አስገባች። አንድ ዙር አሽከረከረች። ያዘ። ሁለተኛውን ስታዞር መዳፏ ስለደማ ማዞሪያው ደጋግሞ አመለጣት። መድኃኒት ቀማሚው አጠገቧ በሆዳቸው ተኙና መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ሰደው ሳንቃ ይደረድራሉ። ብትወድቅ ክንዳቸው ይቀራል። እሷም ይህን ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

በመጨረሻ አባቷን በእግራቸው ጎትተው አወጧቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። የቆርቆሮውን ጣሪያ እያዩ በረዥሙ ተነፈሱ፤ ከዚያ ከሕመሙ የተነሳ ጮኹ። ሰፊዋ አባቷ ሲጮኹ ሰምታ አታውቅም። አምቡላንሱ እስኪመጣ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዐይናቸውን በከደኑ ቁጥር እየጠራቻቸው ቆየች።

የጎድን አጥንታቸው ተሰብሯል፤ ሳንባቸው ግን ተርፏል ተባለ። በማግስቱ ሆስፒታል ስትገባ ልትቆጣቸው ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ቀደሟት።

“ስትሮጪ ኮቴሽን ሰማሁት” አሉ ጣሪያውን እያዩ። “ቁልፉን መውሰድሽን አላወቅኩም። ትታኝ ሄደች፣ ብቻዬን ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች። ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመሆኑ መኪናዋን ማን ሊገዛት ነው ብለው ጠየቋት። በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

መድኃኒት ቀማሚው የአባቷን ጤንነት ሊጠይቁ በየቀኑ ይደውሉ ነበር። አንድ ቀን፣ መኪናዋን ለብረት ሰብሳቢ ሊሰጧት እንደሆነ፣ ጋራዡን ባዩት ቁጥር እንቅልፍ እንደሚነሳቸው ነገሯት። ሰፊዋ ጥሩ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ግን ሥራ አልሠራ አላት። የምትፈራው መኪናዋን ነው፤ አባቷ ግን አልጋ ላይ ሆነው ስለዚያች መኪና ካላወሩ በቀር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዋል ጀምረዋል። ይህኛው ይበልጥ አስፈራት። ደውላ መኪናዋን ለእሷ ይሸጡላት እንደሆነ ጠየቀች። መድኃኒት ቀማሚው እሺ ብለው፣ ሳንቃዎቹንም አብራ እንድትወስድ ለመኗት።

መኪናዋ በጎታች ተጭና ግቢያቸው መጣች፤ ሲሚንቶ ላይ ቆመች። አባቷ ደረታቸው ታስሮ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ያዝዛሉ። ሰፊዋ ወንበሮቹን ፈታ አወጣች፣ ቆዳውን ገፈፈች፣ ሽቦውን አቃናች። ከሥር የሚሠራውን ሁሉ ግን ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን እያለች ታሳልፈው ነበር። አባቷም ይህን ልብ ብለው ነበር።

አንድ እሑድ ጧት መኪናዋን በክሪክ እያነሳች በአራቱም ማዕዘን ከሥሯ ወፋፍራም ግንድ ደረደረች። መኪናዋን በሙሉ ጉልበቷ ገፋቻት፤ አልነቃነቅም አለች። ደግማ ገፋቻት። ጀርባዋን መሬት ላይ አድርጋ ገባች፤ ብረቱ ከአፍንጫዋ በላይ ሲመጣ ግን ልትወጣ ተንፏቀቀች። የወንበር መንኳኳት ሰማች። አባቷ የጎድናቸውን ሕመም ዋጥ አድርገው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡና ቁርጭምጭሚቷን ያዙ።

“አለሁ” አሏት።

ወደ ውስጥ ተመልሳ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረች። ብሎኑ ዝጓል፤ ብዙ ሰዓት ፈጀባት። አባቷ እስክትወጣ ድረስ እግሯን አልለቀቁም።