የተረፈው አዙሪት

ጥፋቱ የኔ ነው። የጥናቴን ዋና ቃል ወደ አማርኛ ስመልስ አማካሪዬ ዶክተር ሐዱሽ «ችንካር በይው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ችንካር ስቅለት ያስመስላል ብዬ «ችካል» አልኩት። የኔ ብልጥ!

የዶክትሬት ጽሑፌን የአማርኛ ማጠቃለያ አትሜ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ወጣሁ። ርዕሱ «የሰው ሠራሽ ችካሎች አደራደር በሱፐርኮንዳክተር አዙሪቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። ከሥሩ በካሬ በካሬ የተደረደሩ ነጠብጣቦች አሉ። ከሰዓት ስመለስ አባባ ወረቀቱን ደፍተውታል።

«ዲፌንሱ ላይ አልመጣም» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አምስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ችካል ነው እንዴ?»

አባባ ዋቅቶላ ገበሬ ነበሩ። ከመስኮታችን የሚታየው ሰፈር እርሻቸው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ጠዋት ቀያሾች መጡና ጤፉ መሀል ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ቸከሉ፤ ልክ እንደኔ ሥዕል፣ ቀጥ ቀጥ አድርገው። በዓመቱ ለቀን ወጣን። ይህን እያወቅኩ ያንን ቃል መምረጤ! ራሴን በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ።

ግን ንዴቴም አልቀረም። «በኢየሱስ ስም፣ አባባ! መሬት አይደለም እኮ! ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው!» ብዬ ጮህኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ ሰኞ ነው። ከፈታኞቹ ይልቅ ያስፈራኝ የሳቸው ወንበር ባዶ መሆኑ ነበር። እማዬ ወደ ጌታ ከሄደች ወዲህ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ቀስ ብዬ ሞከርኩ። «ይኸውልዎ አባባ። በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት የሚያሳልፍ ነገር አለ። ማግኔት ሲጠጋው ግን ውስጡ ትንንሽ አዙሪቶች ይገባሉ። ኤሌክትሪኩ ሲገፋቸው ከተንቀሳቀሱ ነገሩ ይሞቃል፣ ኃይሉ ይባክናል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ እያበጀሁ እይዛቸዋለሁ። ችካል ያልኩት ያንን ነው። የሚያፈናቅል አይደለም፤ ባሉበት የሚያቆያቸው ነው።»

ሻያቸውን ረጅም ጊዜ አማሰሉ። «እንዲህ ያለ ችካልም አለ?» አሉ። ይምጡ አይምጡ ግን አልነገሩኝም።

ሰኞ፣ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ እድሳት ላይ ስለነበር፣ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል የስብሰባ ክፍል ገባን። ዓይኔ በሩ ላይ እንደተተከለ ማቅረብ ጀመርኩ። ካሬው አደራደር ላይ ስደርስ አባባ የሰርግ ኮታቸውን ለብሰው ገቡና ከኋላ ተቀመጡ። ውሃ ጠጣሁ።

ፈታኞቹ ሲጨርሱ ዶክተር ሐዱሽ እንደ ወጉ «ከታዳሚ ጥያቄ ያለው?» አሉ። አባባ እጃቸውን አወጡ። ወይ ጉዴ!

«ቤቴል፣ ልጄ» አሉ ተነሥተው። «ችካሉ መቶ ሆኖ አዙሪቱ መቶ አንድ ቢሆን፣ የተረፈው የት ይሄዳል?»

አንዱ ፈታኝ ፈገግ ሊል ቃጣው። ዶክተር ሐዱሽ ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ፣ ከልባቸው። እኔ እሱን ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«መሀል ላይ ይቆማል አባባ። የራሱ ችካል የለውም። ዙሪያውን ያሉት ጎረቤቶቹ ናቸው የሚይዙት። ግን ግፊቱ ሲበረታ…» ዓይኔን ወደ ወረቀቴ ጣልኩ።

«ሲበረታ?»

«መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። አደራደሩ ካሬ ከሆነ ደግሞ በችካሎቹ መሀል ቀጥ ያለ መንገድ ያገኛል። የሚያስቆመው የለም።»

«አዎ» አሉ አባባ። «እኛም እንደዚያው ነው የሄድነው።» እጃቸውን ወደ ሥዕሉ ዘረጉ። «እና አንቺ ዝም ብለሽ አየሽው?»

«ኧረ የለም! መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ችካሎቹን አዛነፍኳቸው። ቀጥ ያለው መንገድ ተዘጋ። የተረፈው አዙሪት ያንኑ ያህል ሲገፋም ባለበት ቆየ።»

«ቆየ?»

«ቆየ፣ አባባ።»

ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«ያኔ ቀያሹ አንቺ ብትሆኚ ኖሮ» አሉና ተቀመጡ።