ባዶ እጅ

የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል። የኔነሽ ግን ወንድሟን ገረመውን ከተቀበረ ጀምሮ ስትወቅሰው ከርማለች። ለንደን ያለውን ቤቱን ለሚስቱ ለሥርጉት መተው ሲገባው፣ በተኳረፉበት ሰሞን ብው ብሎ ጠበቃ ዘንድ ሄደና ቶሮንቶ ላለችው እህቱ ተናዘዘው። በሳምንቱ ታረቁ። ሰው ይታረቃል፤ ወረቀት አይታረቅም። ኑዛዜውን ሳይቀድ ድንገት ሞተ።

በእንግሊዝ ሕግ እህት ስትወርስ መንግሥት ከውርሱ ትልቅ ጉማጅ ይወስዳል። ግብሩን ለመክፈል ቤቱ ይሸጣል፤ ሥርጉትም ከኖረችበት ትወጣለች። ሚስት ስትወርስ ግን መንግሥት እጁን ይሰበስባል። ደግነቱ፣ ወራሽ የሆነ ሰው ሟቹ ባረፈ በሁለት ዓመት ውስጥ ፈርሞ ድርሻውን ለሌላ ማሳለፍ ይችላል። ግብር ሰብሳቢውም ሟቹ ራሱ እንደዚያ እንደተናዘዘ ይቆጥረዋል።

«እንግዲያው ለገረመው ልብ ልገዛለት ነዋ!» አለች የኔነሽ ይህን ስትሰማ። «በሕይወቱ እምቢ ያለውን!»

ያስቸገረችው ሥርጉት ነበረች። «ባሌ ለእህቱ የሰጠውን አልቀማም» እያለች ሁለቱን ዓመት ልትጨርሰው ምንም አልቀራት። በመጨረሻው ሳምንት የኔነሽ በስልክ ጮኸችባት፣ ገረመውን እያነሳች ለመነቻት፣ እንደገና ጮኸችባት። ሥርጉት ተሸነፈች። አውሮፕላን ተሳፍራ መጣች፤ ከኤርፖርቱ ባቡር ዌስተን ጣቢያ ላይ ወርዳ፣ ከራሷ የሚከብድ ሻንጣ እየጎተተች የኔነሽ አፓርታማ ደረሰች።

አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ላፕቶፕ፣ በላፕቶፑ ውስጥ ለንደን ያለችው ጠበቃ። የኔነሽ ልጅ ብሩክታዊት ታስተረጉማለች፤ የእናቷ እንግሊዝኛ ለሱቅ እንጂ ለሕግ አልተሰፋም። ጎረቤታቸው ሙሚና ምስክር ሆና ልትፈርም መጥታ ከበሩ አጠገብ ወንበር ይዛለች።

ጠበቃዋ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ማሚ፣ ይሄ ነገር በልዋጭ ከሆነ አይሠራም ነው የምትለው» አለች ብሩክታዊት። «ከአክስቴ ሥርጉት የተቀበልሽው ነገር አለ ወይ? ጀስት ኖ በያት።»

የኔነሽ አፏን ከፈተች። ከጎኗ ሥርጉት አለች። ሥርጉት ያመጣችላት የሱፍ ሹራብ ደግሞ ሰውነቷ ላይ ነው። ያመጣችላት ጫማ እግሯ ላይ። ሽቶዋን ተቀብታለች፤ ብስኩቱን ደግሞ አሁን ልትቀመጥ ስትል ነው የዋጠችው። እንዴት ብላ፣ በሰው ፊት፣ ባሕር ተሻግራ የመጣችን እንግዳ ባዶ እጇን መጣች ትበላት?

«አለ» አለች።

«ማሚ!»

«አለ እንጂ! ሻንጣ ሙሉ ነው ያመጣችልኝ። በያት፣ ንገሪያት።»

ብሩክታዊት ነገረቻት። ጠበቃዋ መነጽሯን አወለቀች።

«በይ አሁን አስተካክዪውና ምንም አልተቀበልኩም በያት» አለች ብሩክታዊት እናቷን።

«ምንም?» አለች ሥርጉት፣ ቀስ ብላ። «እትዬ የኔነሽ፣ ሹራቡን አልወደዱትም ማለት ነው?»

«ኧረ ወድጄዋለሁ! ይኸው አላወለቅኩትም።»

«ጫማው ጠበበዎት።»

«በልኬ ነው፣ ጌታን!»

ሙሚና ከወንበሯ ሆና ቤንዚን ጨመረችበት። «ምንም አልሰጠችኝም ብትዪ እኔ አልፈርምም። ሻንጣውን ከሊፍት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወገቤ ምስክሬ ነው!»

«ይመልሱልኝና ይፈርሙ» አለች ሥርጉት ተነስታ። «ይስጡኝ ሹራቡን።»

«ልታወልቂኝ ነው? በካሜራ?»

«ለቤቱ ብዬ እኮ ነው!»

«የሰጡትን የሚነጥቅ ምን ይባላል? እጅሽን ሰብስቢ!»

አንዷ እጅጌውን ስትስብ ሌላዋ ስትይዝ፣ መጀመሪያ የሳቀችው የኔነሽ ትሁን ሥርጉት አልታወቀም። ሥርጉት ሳቋ ሲያሸንፋት እንባዋን እየጠረገች፣ «ደግሞ እኮ እትዬ፣ እኔ ሳልፍ ቤቱን ለብሩክ—» ስትል ሙሚና ዘላ አፏን በመዳፏ ከደነችው።

«ዝም በይ! እሱም ልዋጭ ነው!»

«ምንድን ነው የሚሆነው እዚያ?» አለች ጠበቃዋ።

ብሩክታዊት ትንፋሿን ሰብስባ አስረዳቻት፦ እንግዳ ባዶ እጁን እንደማይሄድ፣ ባለቤትም ስጦታን እንደማይክድ። ጠበቃዋ አዳመጠች። ከንፈሯን ነከሰች፤ እሷም ልትስቅ ነው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

«ማሚ፣ አክስቴ ምንም ሳትይዝ ብትመጣ ኖሮ ትፈርሚ ነበር ወይ?»

የኔነሽ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሥርጉትን አየቻት። ሥርጉት የሙሚና መዳፍ አፏ ላይ እንዳለ፣ በዓይኖቿ ብቻ ታያታለች፤ ለገረመው ያለቀሱት ዓይኖች።

«ባዶ እጇን ብትመጣ» አለች የኔነሽ፣ «ዕድሜ ልኳን አማት ነበር። ግን እፈርም ነበር። ባትመጣም እፈርም ነበር። ቤቱ የእሷ ነው፤ ወንድሜ ነው የተሳሳተው።»

ብሩክታዊት አንድም ቃል ሳትቀንስ ተረጎመች። ጠበቃዋ ራሷን ነቀነቀች። ሹራብና ብስኩት የቤት ዋጋ አይባልም፤ ይፈርሙ፣ አለች።

የኔነሽ ፈረመች። ሙሚናም የሥርጉትን አፍ ለቀቀችና ፈረመች። ብሩክታዊት ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ላከችው። ለንደን ደረሰ። «ወይዘሮ ሥርጉት፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለች ጠበቃዋ።

የኔነሽ እጆቿን ዘርግታ፣ አዲስ ቤት ደጃፍ ላይ እንደቆመ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቤት ለእምቦሳ!» አለች።

«እምቦሳ እሰሩ!» ብላ ሥርጉት አቀፈቻት።

ጠበቃዋ ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። አሁን ምን እንዳሉ ቃል በቃል እንዲተረጎምላት ፈለገች። ብሩክታዊት እምቦሳ ማለት ጥጃ መሆኑን ታውቃለች፤ ሌላውን አታውቅም። ስለዚህ ያወቀችውን ነገረቻት።

ጠበቃዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«ጥጃው» አለች በጣም ቀስ ብላ፣ «ከማን ወደ ማን ነው የተሰጠው?»