ፍራንክ ከምሥራቅ ሰፈር

"እንዳታስነሳው! እንዳታስነሳው! ቀጥሎ እኔ ነኝ!"

ሌን ቮይትኮ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወትፎ፣ በሁለት እጁ የጎማ ቡሎን እየፈታ፣ ኮምፕሬሰሩን ሊያስነሳ የተጠጋውን ዳርኔልን በዓይኑም ለመነው። ዳርኔል ራሱን እየነቀነቀ እጁን ከማብሪያው ላይ አነሳ። የበረዶ ጎማ የማውለቂያ ሰሞን ስለሆነ ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ መኪናዎች ተሰልፈው ነበር። ይሰለፉ፤ ሌን ስልክ ላይ ነው።

"አሁን ደግሞ ፍራንክ ከምሥራቅ ሰፈር መስመር ላይ ነው" አለ ሪኮ፣ የስፖርት ራዲዮው አቅራቢ። "ፍራንክ፣ ለኳርተርባክ ሦስት ሰው ነው ያለን። ያንን ሽማግሌ ተጫዋች ከደቡብ እናስመጣ? የኮሌጁን ልጅ እንምረጥ? ወይስ እዚሁ ባለው በኮዲ ማርሽ እንቀጥል?"

ፍራንክ የሚባል ሰው የለም። ሌን ነው፣ ድምፁን ትንሽ ወፈር አድርጎ።

"ሪኮ፣ እውነቱን ልንገርህ። ኮዲ ማርሽ ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ወንበር ይደርድር! ክንዱ ላይ ጉልበት የለም። እሱ የሚወረውረውን ኳስ ትለዋለህ? ሃሉሽኪ ነው እንጂ!"

"ሃሉ... ምን አልከኝ?"

"ሃሉሽኪ! ጥቅል ጎመንና ፓስታ፣ በቅቤ የራሰ! አየር ላይ ይልሞሰሞሳል፣ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዟል።"

ሪኮ ማይክሮፎኑ ላይ ተንከተከተ። ከኋላው ያሉት የራዲዮው ሰዎችም ሲስቁ ተሰማ። ሌን ስልኩን ዘግቶ ቡሎኑን ሲያነሳ ፊቱ በርቶ ነበር።

ዳርኔል አልሳቀም። "ሌን፣ አንተ ጤነኛ ነህ?"

"ምን አደረግኩ?"

"አማችህን እኮ ነው ለከተማ መሳቂያ የሰጠኸው።"

"እኔ ምን አገባኝ? ፍራንክ ነው የተናገረው።"

"እሺ። ኮዲ ተሰናብቶ ልጅህ ጃኒን ልጇን ይዛ ሩቅ አገር ስትገባስ ማን ሊያለቅስ ነው? ፍራንክ?"

"ቡድን ሌላ፣ ቤተሰብ ሌላ!" አለ ሌን። "ደግሞስ እኔ ስለተናገርኩ ቡድኑ ይሰማኛል? አይሰማኝም። ታዲያ ልጁን ምን ጎዳሁት?"

"ካልሰሙህ ለምን ትደውላለህ?"

ሌን ሄዶ ኮምፕሬሰሩን ራሱ አስነሳው።

የኬልበርግ ሰው እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የብረት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ከተማዋ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት፤ ቀጥቃጮቹ የሚባለው የእግር ኳስ ቡድን። እግር ኳስ ይባል እንጂ በእጅ የሚጫወቱት ነው። ኳርተርባኩ ኳሷን ወርውሮ ካላደረሳት የሌላው ሩጫና ግፊያ ከንቱ ነው። ቀጥቃጮቹ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ሲያነሱ የሌን አባት ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ውድድሩ ተዘግቶ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አገሩ በሙሉ ኳርተርባክ ይመዝናል። ጸጉር አስተካካዩ ይመዝናል፣ ቄሱ ይመዝናሉ፣ ለቅሶ ቤት ሬሳ ሳጥን አጠገብ ቆመው የሚመዝኑም አሉ። የቡድኑ ባለቤት ግን አንዳቸውንም ጠይቆ አያውቅም።

ሌን ከሁሉም የባሰ ነው። ሚስቱ አይሪን ከሞተች ወዲህ በዚህ ምድር ላይ ያለችው አንዲት ልጁ ጃኒን ናት፤ እሷም ያገባችው የቀጥቃጮቹን ተቀያሪ ኳርተርባክ ነው። ሰርጉ ዕለት ሌን ያለቀሰው ለልጁ ይሁን ለቡድኑ ማንም ለይቶ አላወቀም። ሦስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጁ ዊኒ ደግሞ እሑድ እሑድ እሱ ጭን ላይ ካልተቀመጠች ምሳ አትበላም። ቋሚው ተሰላፊ ባለፈው ጥር ጫማውን ሲሰቅል ኮዲ ተራው የደረሰ መሰለው። ምስኪን። አማቱ በሌላ ስም ራዲዮ ላይ እየደወለ መሆኑን ማን ይጠረጥራል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሪኮ ያቺን ቃል ወደዳት። በማግስቱ የኮዲ ስም በተነሳ ቁጥር መጥበሻ ላይ ቅቤ ሲንጨረጨር የሚያሰማ ድምፅ ያጫውት ጀመር። ቀጥሎ የመጠጥ ቤቱ ሰዎች ካናቴራ ላይ አሳተሟት። ጃኒንና ኮዲ ዊኒን ይዘው ገበያ ሲገቡ የበሰለ ምግብ የምትሸጠዋ ሴትዮ "ለማርሽ ቤት ሃሉሽኪ ስንት ኪሎ ልመዝን?" ብላ ጮኸች፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ኮዲም አብሮ ሳቀ ይባላል። ምን ያድርግ?

ሌን ይሄን ሁሉ ሰማ። ደስም አለው። መደበቅ አያስፈልግም፣ ደስ አለው! ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ራዲዮ ላይ ሲደውል የኖረ ሰው ነው፤ አንድም ቀን አንድም ሰው የሱን ቃል ደግሞለት አያውቅም። አሁን የማያውቃቸው ሰዎች ጎማ ሊያስነፉ መጥተው እሱ ፊት "ሃሉሽኪ" እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ለቡድኑ ሲል እንዳደረገው ለራሱ ይነግረዋል፤ ዋንጫ ሳያይ መሞት አይፈልግም። ኮዲም በእርግጥ ክንዱ ደካማ ነው። ይሄም እውነት ነው። ግን ማታ ማታ ብቻውን ሾርባ እያሞቀ ራዲዮው ላይ ቃሉን ሲሰማት የሚሰማው ደስታ ከዋንጫ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

የረሳው ነገር ቢኖር ቃሏ የቤቱ መሆኗን ነው። ሃሉሽኪን እንደነ ሌን ዘሩ ከስሎቫኪያ የሆነ ሁሉ ይበላዋል፤ የሰነፍ ውርወራ ስም ያደረጉት ግን የቮይትኮ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው። የሌን አባት ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያወጣው ስድብ ነው። ጃኒን ገና በወጉ መናገር ሳትችል፣ አባቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላ ቴሌቪዥኑን እየጠቆመች "ሃውሽኪ!" ስትል አይሪን በሳቅ ታለቅስ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጃኒን መኪናዋን ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ አስገብታ አቆመች። የፊት መስታወቱ በተቀቀለ ፓስታና በጥቅል ጎመን ተለስኗል። ሌሊት ላይ ደፍተውባት በብርዱ ደርቆ ተጣብቋል። መጥረጊያው ፊቷ በኩል ብቻ አንዲት ቀዳዳ አበጅቶላት በዚያች እያጮለቀች ነው የነዳችው። ከመኪናው ወርዳ በሩን ዘጋችና እዚያው ቆመች። ዳርኔል አንዴ አይቷት ጎማ እያንከባለለ ወደ ጓሮ ወጣ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?" አለ ሌን።

"በራችንም ላይ አለ። ዊኒ 'እማ፣ ምግባችንን ማን ደፋው?' አለችኝ። ምን ልበላት አባዬ?"

"ባለጌዎች! ውሾች!"

"ኮዲ ደጃፉን ሲያጥብ አርፍዷል። ምንም አይልም። ሪኮን መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ አንድ ቀን አያልፈውም። ዝጋው ስለው 'ማወቅ አለብኝ' ይለኛል።"

ሌን ባልዲ ሙቅ ውሃ አምጥቶ መስታወቱን በጨርቅ ማሸት ጀመረ። ፊቱን ወደ መስታወቱ ማድረጉ ተመቸው። "እንዲህ ያለው ነገር አንድ ሰሞን ነው" አለ። "ነገ ሌላ የሚስቁበት ያገኛሉ።"

"አባዬ።"

"እ?"

"ፍራንክ ማን እንደሆነ አልጠይቅህም።"

ጨርቁ ቆመ።

"አልጠይቅህም አልኩህ እኮ። እንድጠይቅህም አታድርገኝ። ስማኝ። ለኮዲ ከሩቅ፣ ከምዕራብ ጠረፍ ቡድን ተደውሎለታል። ተቀያሪ ነው፣ ያው እንደዚሁ። ዛሬ ማታ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ እንቅር ነው ያልኩት። ቀጥቃጮቹ ቢያሰናብቱትም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ይፈልጋል፣ ቤት አለን፣ አንተ አለህ። አንተን ለብቻህ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ኮዲ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። 'በዚህ ከተማ ለእኛ የሚቆም አንድ ሰው ጥሪልኝ' አለኝ።"

"እኔ አለሁ!"

"እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። እንግዲህ ዛሬ ደውል። በስምህ። 'ሌን ቮይትኮ ነኝ፣ ኮዲ የልጄ ባል ነው፣ በቃችሁ' በል። ይጫወት አትበል፣ ጎበዝ ነው አትበል። በቃችሁ ብቻ በል። አንተ ካልካት እንቀራለን። ካላልካት ዛሬ ማታ እሺ እንላቸዋለን።"

"እደውላለሁ።"

"ማልልኝ።"

"በእናትሽ።"

ጃኒን ተጠግታ ቅባት የነካ ጃኬቱ ላይ ግንባሯን አስደገፈች። ሌን እርጥብ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። አፍሮ ነበር፤ ከልቡ አፍሮ ነበር። መስታወቱን ፍንትው እስኪል ድረስ አጠበላት፤ ከመጥረጊያው ሥር የተወተፈውን ፓስታ በጥፍሩ አንድ በአንድ እየለቀመ አወጣላት።

ከሰዓት በኋላ ሥራውን አቆመና እጁን ታጥቦ ደወለ። ዳርኔል ነገሩን ሰምቶ ስለነበር ከጎኑ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። "በርታ" አለው። "አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።" ሌን መስመር እየጠበቀ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሌን ቮይትኮ ነኝ፣ ኮዲ የልጄ ባል ነው፣ በቃችሁ።

"ሌን የሚባል ደዋይ አለን" አለ ሪኮ። "ሌን፣ በል እንጂ!"

"ሪኮ፣ ሌን ቮይትኮ እባላለሁ። የደወልኩት ስለ ኮዲ ማርሽ..."

"ቆይ! ቆይ ቆይ ቆይ! ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ! ጎበዝ፣ ሰማችሁ? ፍራንክ ነው! ሃሉሽኪ ፍራንክ!" ጥሩንባ ተነፋ፣ ጭብጨባ ተለቀቀ፣ ቅቤው ተንጨረጨረ። "የት ጠፋህ አንተ ሰውዬ? ከተማው ሲፈልግህ ሰነበተ እኮ! ስምህን ብትቀይር ያንን ጉሮሮ የት ትደብቀዋለህ?"

ሌን ሳያስበው ሳቀ። ዳርኔል ክንዱን ጎሸመው።

"ሪኮ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል።"

"ትላለህ! ግን እኔ ልቅደምህ። ቡድኖቹ የኮሌጅ ልጆችን የሚመርጡበት ዕለት እዚህ ከእኔ ጋር እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ። ማይክሮፎን፣ ወንበር፣ የራስህ ማዳመጫ! ሕዝቡ አንተን ነው የጠየቀው። ምን ትላለህ?"

"እኔን?"

"አንተን! ይሄን ከተማ እንዳንተ የሚናገርለት ማን አለ?"

ሌን ወንበሩን በሐሳቡ አየው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አየው። ስልሳ ዓመቱን ሲጮህ የኖረበት ቴሌቪዥን መልሶ ስሙን ሲጠራው ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሞኝ ሰው ነው፣ እውነተኛ እንባ ነበር።

"ሌን" አለ ዳርኔል በሹክሹክታ። "በላት እንጂ!"

ያኔ ስልኩ ጆሮው ላይ ጢጥ አለ። አንስቶ አየው። ጃኒን እየደወለች ነው።

"አንሳላት" አለ ዳርኔል። "ሰምታሃለች፣ ልትረዳህ ነው። ያንን ዝጋና አንሳላት!"

"ፍራንክ? አለህ?" አለ ሪኮ። "ሽማግሌውን እናምጣ ወይስ ኮዲን እናቆይ የሚለውን ሕዝቡ ካንተ ይጠብቃል። ከሌለህ ሌላ ደዋይ ልቀበል።"

ስልኩ እንደገና ጢጥ አለ። ሌን የልጁን ስም ትክ ብሎ አየው። ዳርኔል ከበርጩማው ተነሳ።

"አለሁ! አለሁ ሪኮ!" አለ ሌን፤ በአውራ ጣቱ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ስሟን አጠፋው። "ኮዲማ ይሂድ። አሁን የሽማግሌው ትከሻ ይችላል ወይ፣ እሱን እናንሳ።"